ቆሞ ሳለ የሚጠፋ ሞተርና የምርመራው ታሪክ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ጧት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሲሄዱ የትራፊክ መብራት ቀይ ሆኖ ያቆምዎታል እንበል። እግርዎን ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲያነሡ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጸጥ ይላል። ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ቁልፉን ሲያዞሩት ወዲያው ይነሣል፤ በጉዞ ላይ ሳለም አንዳች ጉድለት አይታይበትም፤ በሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ሲቆም ግን እንደገና ይጠፋል። ሲሮጥ የማይደክም፣ ሲያርፍ የሚወድቅ ምን ዐይነት ፍጥረት ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሞተርን ታሪክ ለተከታተለ ሰው ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሞተርን ማስሮጥ መሐንዲሶችን ያን ያህል አላስቸገራቸውም፤ ያስቸገራቸው ሥራ በሌለው ጊዜ ቀስ ብሎ ሳያቋርጥ እንዲዞር ማድረጉ ነበር።

ይህ ችግር ከየት እንደ መጣ፣ የቀደሙት ሰዎች እንዴት እንደ መረመሩትና ምርመራው ዛሬ ከምን እንደ ደረሰ በዚህ ንግግር እንመለከታለን። የውጭ አገር ዘመናት የተቆጠሩት በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የአገራችን አቆጣጠር በተጠቀሰበት ስፍራ ዓ.ም. የሚል ምልክት ተጨምሯል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። ሞተር ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ጭነት ሳይኖርበት፣ በራሱ ቀስ ብሎ ሲዞር መካኒኮቻችን «ሚኒሞ» ላይ ነው ይላሉ። ቃሉ እንደ ካንዴላ፣ እንደ ፑንቲናና እንደ ሞተሪኖ ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን፣ ትርጓሜውም «ትንሹ» ወይም «ዝቅተኛው» ማለት ነው። በተለመዱት የቤት አውቶሞቢሎች ላይ ሚኒሞ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል የገዛ አካሉን ፍትጊያ ለማሸነፍና ዲናሞውን ለማዞር ብቻ የሚበቃ ነው። በጉዞ ላይ ሳለ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ቢታመም ሦስቱ ይሸከሙታል፤ የመኪናውም ግስጋሴ ይረዳቸዋል። ሚኒሞ ላይ ግን ሞተር በወር ደመወዙ ብቻ ቤቱን እንደሚያስተዳድር፣ በባንክም ተቀማጭ እንደሌለው ሰው ነውና ጥቂት ጉድለት ይጥለዋል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በፈረንሳይ አገር ይሠራ የነበረው ኤትየን ሌኗር በ1860 በጋዝ የሚሠራ ሞተር አወጣ። ከእርሱም በኋላ ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ፈጸመ፤ ይኸውም አየርና ነዳጅ የሚስብበት፣ የሚያምቅበት፣ የሚያቃጥልበትና ጢሱን የሚያስወጣበት ሥርዓት እስከ ዛሬ የቤንዚን ሞተር ሁሉ መሠረት ነው። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ግን በፋብሪካ ውስጥ ከመሬት ጋር ታስረው ማሽን የሚያዞሩ ስለ ነበሩ፣ እንደ መኪና ሞተር መቆምና መነሣት አልተፈራረቀባቸውም። ችግሩ የተወለደው ሞተር በጋሪ ላይ ሲወጣ ነው።

ካርል ቤንዝ በጥር ወር 1886 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ባለ ሦስት እግር አውቶሞቢል ሞተሩ በደቂቃ 400 ያህል ዙር የሚዞር ነበር። ኃይሉ በቀበቶ ወደ መንኰራኵሮቹ ይተላለፍ ስለ ነበረ፣ ነጂው ማቆም ሲፈልግ ቀበቶውን ወደ ልቅ መዘውር ያዛውረዋል፤ ጋሪውም ሲቆም ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። ነዳጁ የሚዘጋጅበትም ዕቃ እጅግ ቀላል ነበር። አየር በቤንዚኑ ገጽ ላይ እያለፈ ትነቱን ይዞ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቀኑ ሲሞቅ ትነቱ ይበዛል፤ ሲበርድ ያንሳል፤ በመንገድ ላይ ነዳጁ ሲናወጥም ይለዋወጣል።

ከታወቁት የአውቶሞቢል ምርመራዎች የመጀመሪያውን ያደረገችው መካኒክ ሳትሆን የቤንዝ ሚስት ቤርታ ቤንዝ ናት ብንል ከእውነት አንርቅም። በነሐሴ ወር 1888 ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ ሞተሩ በመንገድ ላይ አስቸገራት። የነዳጁ ቧንቧ በተደፈነ ጊዜ ከባርኔጣዋ ላይ ረጅም መርፌ ነቅላ ጠረገችው፤ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ሽቦ ልባሱ በተላጠ ጊዜ የካልሲዋን ማሰሪያ ሸፈነችበት። ነዳጁም ሲያልቅባት በቪስሎህ ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ በዚያ ዘመን የቤንዚን ማደያ የሚባል ነገር አልነበረምና። ልብ ብሎ ላየው ሰው ወይዘሮ ቤርታ የጠየቀችው ጥያቄ ዛሬም በጋራዥ ውስጥ የሚጠየቀው ነው፤ የጐደለው ነዳጁ ነው ወይስ እሳቱ?

በ1893 ሁለት ሀንጋሪያውያን ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ በጀርመን አገርም የዳይምለር ባልደረባ የነበረው ቪልሄልም ማይባኽ፣ ቤንዚንን በቀጭን አፍንጫ እየረጨ ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ሠሩ። ሀንጋሪያውያን ቅድሚያውን ለወገኖቻቸው ይሰጣሉ፤ ክርክሩን ለእነርሱ እንተወውና የአሠራሩን ብልሃት እንመልከት። አየሩ የሚያልፍበት ቧንቧ በመካከሉ ጠበብ ይላል። አየር በጠባብ ስፍራ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል፤ የተቀነሰውም ግፊት ቤንዚኑን ከአፍንጫው ይስበዋል። ይህን የተፈጥሮ ሕግ የገለጸው ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ የተባለ የጣልያን ሊቅ ሲሆን፣ አውቶሞቢል ከመፈጠሩ ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በ1822 ሞቷል። እንዲህ ያለው ነገር በዕውቀት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ አንዱ ውሃ ሲፈስ ተመልክቶ የጻፈውን ሌላው ጋሪ ይነዳበታል።

ዳሩ ግን ቬንቱሪ የሚረዳው አየሩ በፈጠነ ጊዜ ብቻ ነው። ነጂው እግሩን አንሥቶ የአየሩ መግቢያ ሲዘጋ በጠባቡ ስፍራ የሚያልፈው አየር ከመድከሙ የተነሣ ቤንዚን መሳብ አይችልም። በዚህ ምክንያት የካርቡራቶር ሠሪዎች ለሚኒሞ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ትንሽ መንገድ አበጁለት። የአየሩ በር ሲዘጋ ከበሩ በታች ያለው ስፍራ ብርቱ የመሳብ ኃይል ስለሚኖረው፣ ትንሿ ቀዳዳ በዚያ ተከፈተች፤ ቤንዚኑም በእርሷ በኩል ጥቂት ጥቂት እየተለካ ይገባል።

ክቡር አንባቢ፣ የጧቱ እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በካርቡራቶር በሚሠራ መኪና ላይ ሞተሩ በሩጫ ጊዜ የሚመገበው በአንድ መንገድ፣ በዕረፍት ጊዜ የሚመገበው በሌላ መንገድ ነው። የሚኒሞዋ ቀዳዳ ስፋት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከታንኩ ሥር የመጣ አንድ የአቧራ ቅንጣት ሊደፍናት ይችላል፤ ዋናው መንገድ ግን ክፍት ስለሆነ መኪናው ዳገቱን ያለ ችግር ይወጣል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቀዳዳዋን በሽቦ መጐርጐር የተለመደ ቢሆንም ጥፋት ነው። ለስላሳው ናስ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ቤንዚን ከልኩ ያልፋል። በአየር መንፋት ይበቃል። የወይዘሮ ቤርታ መርፌ የጠረገችው ሰፋ ያለውን ቧንቧ ስለ ነበረ በእርሷ ላይ ነቀፋ የለንም።

ከ1908 ጀምሮ እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ «ቲ» ሞዴል ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ነጂው በመሪው ሥር በአንድ በኩል የቤንዚን መስጫ እጀታ፣ በሌላው በኩል የብልጭታውን ሰዓት የሚያስቀድምና የሚያዘገይ እጀታ ነበረው፤ የድብልቁንም መጠን ከመቀመጫው ሳይነሣ ያስተካክል ነበር። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ በጆሮው ይሰማል፣ በእጁ ያርማል። የዚያ ዘመን ነጂ ሁሉ ሳይወድ በግድ መካኒክ ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ በባትሪ የሚሠራውን ማቀጣጠያና በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ የወጣውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከሠራ በኋላ ግን ነጂው እጁን ከሞተሩ እያነሣ ሄደ፤ ሞተሩንም የሚያውቀው ሌላ ሰው ሆነ። ምቾት የራሱ ዋጋ አለውና።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምእት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ የብልጭታው ሥራ በፑንቲና ላይ ቆየ። ፑንቲና ሞተሩ በዞረ ቍጥር የሚከፈቱና የሚገጠሙ ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች ሲሆኑ፣ በብዙ መኪናዎች ላይ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። እያደር የሚፈተገው ክፍል ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፤ የብልጭታውም ሰዓት ይዘገያል። ይህ ጉድለት በቅድሚያ የሚታወቀው በሚኒሞ ላይ ነው።

ጥሩዎቹ የቀድሞ መካኒኮች ዕቃ ከመለወጣቸው በፊት የሚያደርጉት ምርመራ የሚያስደንቅ ነበር። ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ያያሉ፤ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ከሆነ አየሩ በዝቷል ይላሉ። የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ እየነቀሉ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ሽቦው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውኑ ሥራ ፈት ነበር ማለት ነው። (ይህ የዱሮ ብልሃት ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ባላቸው መኪናዎች ላይ አይደረግም፤ ሰውንም ዕቃንም ይጐዳል።) አየር በድብቅ የሚገባበትን ስንጥቅ ለማግኘት በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ ውሃው ስንጥቁን ለጥቂት ጊዜ ሲደፍነው ሞተሩ ዙሩን ይለውጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያቸው ግን የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው መለኪያ ነበር። ጤነኛ ሞተር በባሕር ጠረፍ ላይ ሚኒሞ ይዞ ሲለካ መርፌው ከ17 እስከ 21 ኢንች የሜርኩሪ ላይ ጸንቶ ይቆማል። በየጊዜው እኩል እኩል ዝቅ የሚል መርፌ በደንብ የማይገጥም ቫልቮላን ያመለክታል፤ ሳይወዛወዝ ዝቅ ብሎ የሚቆም መርፌ ደግሞ የዘገየ ብልጭታን ወይም የሚያስገባ ስንጥቅን ያመለክታል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ ከቈላው ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ያ መኪና የወጣው ተራራ ብቻ አልነበረም፤ ከከባድ አየር ወደ ቀላል አየርም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቈረቈረች ከተማ በመሆኗ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራቶር የሚለካው የአየሩን ፍጥነት እንጂ ክብደቱን ስላይደለ፣ በጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲደርስ ለቀጠነው አየር ቤንዚን ያበዛበታል። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲገባው፣ የአየሩ ድርሻ ከአሥር በመቶ በላይ ይጐድላል። ጢሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሚኒሞው ይዋዥቃል።

የመለኪያውም ነገር እንዲሁ ነው። በየ1,000 ጫማ ከፍታ መርፌው አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ስለሚል፣ በአዲስ አበባ ጤነኛው ሞተር የሚያሳየው ወደ 8 ኢንች ገደማ ተቀንሶ ከ9 እስከ 13 ነው። በሎንዶን ወይም በቶሪኖ የታተመውን መጽሐፍ ብቻ የሚያምን መካኒክ ይህን አይቶ «ቫልቮላው ተቃጥሏል፤ ቴስታታው መውረድ አለበት» ቢል፣ ባለ መኪናው ላልታመመ ሞተር የሁለት ወር ደመወዝ ይከፍላል። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ከፍታ ነው። በእኔ አስተያየት በከፍተኛ ቦታ የሚሠራ ጋራዥ ሁሉ ጤነኛ መኪናዎችን እየለካ የራሱን መዝገብ ቢይዝ ኖሮ ብዙ ገንዘብ በዳነ ነበር።

በከተማችን ለብዙ ዓመታት ይታዩ ከነበሩት መኪናዎች አንዱ ቮልስቫገን ነው። በ1960ዎቹ ከወጡት መካከል ብዙዎቹ በካርቡራቶራቸው ጐን በኤሌክትሪክ የምትከፈት ትንሽ መዝጊያ ነበረቻቸው፤ ሥራዋም ቁልፉ ሲዘጋ የሚኒሞውን ቤንዚን መቍረጥ ነው። ሽቦዋ ከወለቀ ግን መዝጊያዋ አትከፈትም፤ መኪናውም ይሮጣል እንጂ ሚኒሞ አይዝም። ቁልፉን ከፍቶ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ለሰማ ሰው ምርመራው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ላልሰማ ካርቡራቶሩ በሙሉ ይፈታል።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስረዘምነው ነበር። በብዙ መኪናዎች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው መሣሪያ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ከሞተሩ የመሳብ ኃይል ነው። ሞተሩ በቍልቍለት ላይ እግር ሲነሣለት ቢጠፋ፣ የተጠራቀመው ኃይል ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ርግጫ ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የፍሬኑ መርገጫ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን በሙሉ ጕልበት መረገጥ ይኖርበታል። መሪውም በሞተር የሚታገዝ ከሆነ ይከብዳል። ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይስተውም።

ሁለተኛው አደጋ ድምፅ የለውም። ቤንዚን የበዛበት ሚኒሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ያበዛል፤ ይህም ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ የመኪና ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ሚኒሞ ማስተካከል ሰውን ሊገድል ይችላል። በር ሳይከፈት ሞተር አይነሣ።

ሞተሩ እንዳይጠፋ ብለው የሚኒሞውን ብሎን በማጥበቅ ዙሩን ከፍ የሚያደርጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሞተሩ አይጠፋም፤ ነገር ግን ቤንዚን ይባክናል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያለውም መኪና ፍሬኑ በተለቀቀ ጊዜ ወደ ፊት ይስባል። ትኵሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትሩን ሰብሮ «ዳንህ» እንደ ማለት ነው።

የካርቡራቶር ዘመን ያበቃበት ምክንያት ከሎስ አንጀለስ ከተማ ጭጋግ ጋር የተያያዘ ነው። አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጭጋጉ ከአውቶሞቢልና ከነዳጅ ትነት የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። ከ1961 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ከዘይቱ ቤት የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቮላ እንዲኖራቸው ተደረገ። ይህች ቫልቮላ ክፍት ሆና ከተጣበቀች ለሚኒሞ ከሚገባው በላይ አየር ታስገባለች፤ መፍትሔው አንድ፣ አዲሱ የመጥፊያ ምክንያትም አንድ። በኋላም ጢሱ እንዲቀንስ ቤንዚኑ እየተቈጠበ፣ የድብልቁም ብሎን በክዳን እየታሸገ ሲሄድ፣ ሞተሮቹ ቀጭን ገመድ ላይ የሚራመዱ ያህል ሆኑ።

መፍትሔው ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ እየለኩ መርጨት ሆነ። መርሴዲስ በ1954 በ«300 ኤስ.ኤል.» መኪናው ላይ በፓምፕ የሚረጨውን አወጣ፤ የቦሽ ኩባንያ የሠራው በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዘው በ1967 በቮልስቫገን 1600 ላይ ተገጠመ፤ በ1976 ደግሞ ቮልቮ በጢሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን የሚለካውን መሣሪያ አመጣ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባን ቀጭን አየር ኮምፒዩተሩ ራሱ ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሚኒሞውንም የምትጠብቅ ትንሽ የአየር በር ተሠራችለት፤ ካርቦን ሲጋገርባት ግን እርሷም እንደ ጥንቷ ቀዳዳ ትደፈናለች።

በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ መኪናዎች ሁሉ ጉድለታቸውን በቍጥር እንዲናገሩ ታዘዘ። «ፒ 0505» የሚኒሞው ሥርዓት ተጓድሏል ማለት ነው፤ «ፒ 0171» ደግሞ ከቤንዚኑ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ቍጥሩ ሕመሙን ይናገራል እንጂ በደለኛውን ዕቃ አይጠቁምም። «አየር በዝቷል» የሚል ቍጥር አይቶ ውዱን የኦክሲጅን መለኪያ የሚለውጥ ሰው፣ የተሰነጠቀች የጎማ ቧንቧ ሳትነካ እንደ ቀረች ሊያውቅ የሚችለው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪናዎን ወደ ጋራዥ ሲወስዱ «ሚኒሞውን አስተካክልልኝ» ከማለት ይልቅ፣ የሚጠፋው ሲሞቅ ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ መብራት ሲበራ ወይስ ፍሬን ሲረገጥ እንደ ሆነ ይንገሩት። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ከፍሬኑ ማገዣ በኩል አየር ያስገባ ይሆናል፤ መብራት ሲበራ የሚጠፋውም ዲናሞው የሚጭንበትን መሸከም ያቃተው ነው። ይህን ሊነግሩት የሚችሉት በመሪው ላይ የተቀመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም ሞተሩም አብሮ ይቆማል፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ነገር ስለሌለው ሚኒሞ የሚባል ቃል አያስፈልገውም።